ከኋላ የተኛችው ቲና አይደለችም

— ሄሎ?… ሄሎ! ማን ልበል?… ቀስ በይ እንጂ፣ እየጮኽሽ ምንም አይሰማኝም። መጀመሪያ ይኼ የማን ስልክ ነው? ከመሪው አጠገብ ተሰክቶ ሲጮህ ነው ያነሳሁት።… ማን? ቲና?… የቷ ቲና?

— ሂጂ እዚያ! ቲናማ ከኋላ ተኝታለች።… ከቁርስ ቤቱ ከወጣን ጀምሮ ብርድ ልብስ ተከናንባ ለጥ ብላለች እኮ። እንዳንቀሰቅሳት ብለን ሬዲዮውን ሁሉ ቀንሰናል።… አዎ፣ ኤልፍሪዳ ነኝ።… ድምፅሽስ የእሷ ነው። ቆይ እስቲ። ሄዲ፣ ዞር በይና ቲናን ነካ አድርጊያት።… ግለጪው እንጂ፣ አትነክስሽ!

— …ወይ ጉድ። ቲና፣ አንቺ አይደለሽም። የሕፃን ወንበር ነው።… የሕፃን ወንበር ነዋ! መኪና ውስጥ የሚታሰረው፣ ከነቀበቶው።… ትሩዲ፣ ሳቁን ተይና መንገዱን እዪ!… እኔ ምን ላድርግ፣ ሲያዩት ሰው ይመስላል። ሄዲማ "ቲና ዛሬስ አላንኮራፋችም" እያለች ስታመሰግንሽ ነበር።

— ታዲያ አንቺ የት ቀረሽ?… ሽንት ቤት።… ስትወጪ እኛ የለንም፣ መኪናችን ግን እዚያው ቆማለች? እንዴት ሆኖ! ውስጧ ቁጭ ብዬ እኮ ነው የማናግርሽ።… ነጭ ናት፣ ሞተሯ እየሠራ ነበር፣ በሯም ክፍት ነበር።… እሱስ ልክ ነሽ፣ የሁሉም ሞተር እየሠራ ነበር። በዚህ ብርድ ማን ያጠፋል? ያጠፋ እንደሆነስ እስከ ፀደይ ማን ያስነሳለታል?… ነጭ ስንት ነበሩ?… ሁለት።… ጎን ለጎን።

— ትሩዲ፣ ይኼ የኛ መኪና አይደለም። የሰው ነው።… ኧረ አትቁሚ! በረዶ ጠራጊ መኪናውን ተከትለሽ ዝም ብለሽ ንጂ፣ እሱ ከራቀን መንገድም የለንም።

— እኔማ ገርሞኝ ነበር! መቀመጫው ሲሞቀኝ ክለባችን በመጨረሻ የመኪናዋን ማሞቂያ አሠራ ብዬ ሊቀመንበሩን ስመርቅ ነው የመጣሁት። ሰውዬውን ስንት ዓመት ስረግመው ኖሬ!… ስልኬማ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፣ ሻንጣዬም እናንተ ጋ ነው፤ ብትደውዪ ማን ያነሳልሻል?… ባለቤቱ አጠገብሽ ናቸው? በኛ መኪና እየነዱ?… ፖሊስ አልጠሩም? ደግ ሰው ናቸው። በይ ድምፁን ክፈቺውና ይስሙኝ።

— ጤና ይስጥልኝ፣ ጌታዬ።… አቶ ኦረስት፣ የምገባበት ጠፍቶኛል። እኛ ሌቦች አይደለንም፤ አራት አሮጊቶች ነን።… እሺ፣ ሦስት አሮጊቶችና ቲና። በየክረምቱ ሐይቁ ዳር ጎጆ ተከራይተን በረዶ ላይ ድንጋይ የማንሸራተት ውድድር ስንጫወት እንሰነብታለን። ዘንድሮ ሁሉንም ጨዋታ ተሸንፈን፣ አንገታችንን ደፍተን ስንመለስ ነው መኪናዎን… ተሳስተን የወሰድነው።

— ኬክ? የምን ኬክ?… ካርቶን ውስጥ ያለው የማር ኬክ።… ሄዲ፣ አፍሽን ጥረጊ።… አቶ ኦረስት፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አንድ ጥግ ብቻ ቀርቷል። ቲና የጋገረችው መስሎን ነው። እንዲያውም "ቲና እንዲህ ትችላለች እንዴ?" ስንባባል ነበር።… ቲና፣ አትቆጪ፣ ያንቺን ኬክ እናውቀዋለን።… ምን አሉኝ? እርስዎ ራስዎ ጋገሩት? ለልጅዎ?… አፈርኩ። በእውነት አፈርኩ።

— ላሪሳ።… ከዊኒፔግ ከተማ በአውቶቡስ። ሕፃን ይዛ!… ወንበሩ እንዳይቀዘቅዝባት ብለው ነው ሞተሩን ሳያጠፉ የገቡት? ውይ፣ አንጀቴን በሉት። ሄዲ፣ ብርድ ልብሱን መልሺው።… የአራት ወር ሴት ልጅ። እስካሁን አላዩዋትም? ምነው?

— እየሰማሁዎት ነው።… አምና በክረምት መጥታ ነበር።… ማቆሚያው ላይ ብቻዋን፣ በዚያ ብርድ፣ አውቶቡሱ ተመልሶ እስኪሄድ ድረስ ጠብቃ።… እርግዝናዋን ልትነግርዎት ነበር የመጣችው!… እርስዎስ ምን ሆነው ቀሩ?… የሰው መኪና ቦይ ገብቶ። ሁለት ሕፃናት ውስጡ።… ታዲያ ትተዋቸው ሊሄዱ ነበር? ይኼን ነግረዋታል?… አልነገሯትም!… "መንገዱ አስቸገረኝ" ብቻ?… "የተቀረቀረ ማውጣትማ ሁሉም ያደርገዋል፣ ምኑ ይወራል" ነው የሚሉኝ? እናንተ ወንዶች! የኔውም ባል ጎረምሳ ከሐይቅ አውጥቶ ሲመጣ "ሱሪዬ ረጠበ" ብቻ ነው ያለኝ።

— ዛሬስ ምን ብላለች?… "ስወርድ ካላየሁህ በዚያው አውቶቡስ እመለሳለሁ።" ሾፌሩ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ብቻ ነው የሚቆመው።… አውቃለሁ፣ ዛሬ ካመለጠችዎት ሁለተኛ አትመጣም። ገብቶኛል።

— እንግዲያው ስሙኝ። መንገዱ አንድ ነው፤ እኛ ከፊት፣ እናንተ ከኋላ። ወንበሩም እኛ ጋ ነው፣ መኪናዎንም ታውቀዋለች። እኛ እንደርስላታለን።… አያመስግኑኝ፣ ኬክዎን የበላሁ ሰው ነኝ። ትሩዲ፣ ርገጪው!… ሳትገለብጪን ርገጪው ማለቴ ነው!

— ሄሎ… ሄሎ፣ ይሰሙኛል?… አሁን ሰማሁ። ዱር ውስጥ ስለሆንን ነው የሚቆራረጠው።… ደህና ነን፣ በረዶው እንደ ዱቄት እየተበተነብን ነው እንጂ… ቆይ፣ ትሩዲ፣ ያ ምንድን ነው?

— ቦይ ውስጥ መኪና ገብቷል። ቀይ ናት፣ ትንሽ። መብራቷ ይበራል፣ ሰው አለባት።… እኔ ምን አውቅልሻለሁ ትሩዲ! ከቆምን አውቶቡሱ ያመልጠናል። ጠራጊውማ ሳያያት አልፎ ሄደ።

— ጋሽ ኦረስት፣ እየሰሙ ነው? ጉዳዩ የእርስዎ ነው፣ ይወስኑልን። ሌላ መኪና ከኋላችን አይታይም። እለፉ ካሉን እናልፋለን፤ እርዳታ እንዲመጣለት እንደውላለን፣ ማንም አይፈርድብዎትም።

— …እሺ። ሰማሁ።… ትሩዲ፣ አቁሚ። "መጎተቻ ሰንሰለቱ ከኋላ ከወንበሩ ሥር ነው" አሉ።

— ስልኩን ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ እንዳትዘጉት። ሄዲ፣ ጓንትሽን!

— ሄሎ! አለን! መኪናዋ ወጣች!… የሚነዳት ተማሪ ነው፣ በዚህ ብርድ ሸራ ጫማ አድርጎ! እናቱን ባገኘኋት ደህና አድርጌ እነግራት ነበር። ትሩዲ ጎተተች፣ እኔና ሄዲ ገፋን።… ቲና፣ ድንጋይ ስንገፋ ከርመን አንድ አላሸነፍንም፣ ይኼን አሸነፍን። ይመዝገብልን።… ጋሽ ኦረስት፣ ሰዓቱን አይጠይቁኝ። እየሄድን ነው።

— ማቆሚያው… ማቆሚያው ታየኝ።… አውቶቡሱ አለ! ሰው እየተሳፈረ ነው።… አየኋት መሰለኝ። ሕፃን ደረቷ ላይ አስራለች፣ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋለች። ትሩዲ፣ ጡሩምባውን! ንፊው!… ዞር አለች። መኪናውን አየችው።… ወረደች! ጋሽ ኦረስት፣ ወረደች!… እየመጣች ነው። ፊቷ ግን… እንጃ፣ ተቆጥታለች።

— ላሪሳ! ነይ ግቢ የኔ ልጅ፣ ሕፃኗን ብርድ እንዳይመታት።… አይ፣ አባትሽ እዚህ የሉም።… አልቀሩም! በኛ መኪና ከኋላ እየመጡ ነው፤ እኛ የእሳቸውን ሰርቀን… አልሰረቅንም! ሄዲ፣ አትሳቂ፣ ላስረዳት እየሞከርኩ ነው።

— የኔ ልጅ፣ ያዘገየናቸው እኛ ነን። አሁንም ቦይ የገባ ልጅ ስናወጣ ነው የቆየነው። እንለፈው ወይ ብንላቸው አቁሙ ያሉን እሳቸው ናቸው።… አዎ፣ አንቺ እዚህ እንደምትጠብቂ እያወቁ። አምናም እንደዚሁ ነው የሆነው፣ ሁለት ሕፃናት የያዘ መኪና አግኝተው።… አልነገሩሽም፣ አውቃለሁ። እኔም በስንት መከራ ነው ያወጣጣኋቸው። መኩራራት ይመስላቸዋል።

— ጋሽ ኦረስት፣ ትንሽ ይታገሡኝ። መንገዱን ወደ እናንተ እያየች ነው።… ሾፌሩ በእጁ እየጠራት ነው። አትቸኩሉባት፣ ቆዩ።

— ምን አልሽ የኔ ልጅ?… እነግራቸዋለሁ።… ጋሽ ኦረስት፣ "መንገዱ ክፉ ነው፣ ቀስ ብሎ ይንዳ" ነው የምትለው።… "እጠብቀዋለሁ" አለች።… አዎ፣ እንደዚያው ነው ያለችው። ሾፌሩንም ሂድ አለችው፣ በሩን ዘግቶ እየሄደ ነው።… ሄሎ?… ጋሽ ኦረስት?

— ቲና? ምን ሆኑ?… በይ እንግዲህ፣ መንገድ ዳር ያቁሙና መሪውን ተቀበያቸው። እያለቀሱ በዚህ በረዶ አይነዳም።… በይ ቻው፣ ልዝጋው፤ ስልኩን ይዤ ስንጫጫ ሄዲ ሕፃኗን ቀድማኝ አቀፈቻት።