ዋስ ያጣ ሐሳብ

ባላምባራስ አዛናው የሽንፋን ደረቅ ወንዝ ተሻግረው፣ ወደ ሱዳን በሚያወርደው የእግር መንገድ በቅሏቸውን እየኮለኮሉ ሲሄዱ ከአንድ የሮቃ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው አዩ። እጃቸው ወደ ጠመንጃቸው ሄደ። ጣሊያን መተማን ከያዘ ሦስተኛው በጋ ነበርና በዚያ ቆላ ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ሁሉ መንገደኛ አልነበረም። ቀረብ ሲሉ ግን የመንደራቸው ልጅ ስመኝ ሆኖ አገኙት። ስመኝ ጎንደር ከተማ አራት ዓመት ተምሮ፣ ጠላት ሲገባ ወደ ቆላው ወርዶ የስደተኞቹን ልጆች ፊደል የሚያስቆጥር ወጣት ነው።

«እንዴት አረፈዱ፣ ባላምባራስ?» አለ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጅ እየነሣ።

«እግዜር ይመስገን። ልጄን አይተሃል?»

«አሰበችን? እስከዚህ ድረስ ሸኝቻት መመለሴ ነው። ከባሏና ከሌሎቹ ቤተሰቦች ጋር ናት። ሕፃኑንም አዝላዋለች።»

«ሸኘሃት!» አሉ ባላምባራስ በቁጣ። «መንደር ሲፈርስ አስተማሪው ይሸኛል?»

«ብከለክላቸው ይሰሙኛል? ጓዝ ሸክፎ የተነሣን ሰው ከመሸኘት ሌላ ምን አደርገዋለሁ?»

መንደሩ ከወንዙ ዳር በሽመል ጫካ ውስጥ የተሸሸገ፣ ከደጋ የሸሹ ሰዎች የመሠረቱት ነው። ሕግ የሚያወጣለት ከድንጋይ መቀመጫቸው ላይ ተሰይመው የሚመክሩት የሸንጎው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ባላምባራስም ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ማን ዘብ እንደሚቆም፣ ለአርበኞች እህል እንዴት እንደሚዋጣ፣ ውኃ በማን ተራ እንደሚቀዳ የሚቆርጡት እነርሱ ናቸው። በበጋ ወንዙ ስለሚደርቅ ሕዝቡ የሚጠጣው ከአሸዋው ውስጥ በተቆፈረ አንድ ጉድጓድ ነው። ሌሊቱን ሲያጠራቅም ያደረው ውኃ ንጋት ላይ እንደ መስታወት የጠራ ይሆናል። ሸንጎው በመጀመሪያው በጋ ባወጣው ሕግ ይህ የንጋት ውኃ የሽማግሌዎቹ ነው፤ ቤተሰባቸው ይቀዳል፣ በቅሎዎቻቸውና ከብቶቻቸውም ይጠጣሉ። ሌላው ሕዝብ የሚደርሰው ከብቱ ካደፈረሰው በኋላ ነው። አሰበች ደግሞ ያገባችው ተራ ገበሬ ስለነበረ ከድፍርሱ ቀጂዎች መካከል ነበረች።

ባላምባራስ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ «ከሰዓት በፊት እደርስባቸዋለሁ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ይደርሱባቸዋል። ሷሊህ ራኩባ ሥር ያርፋሉ።» ራኩባ የሚለው የጨው ነጋዴው ሷሊህ መንገደኛ የሚያሳርፍበትን የሣር ዳስ ነው። «ደርሰው ግን ምን ይሏታል?»

«ተመለሽ እላታለሁ።»

«ወደ ምን?»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ስማ ስመኝ! ያን ሕግ ያወጣነው ለሆዳችን አይደለም። ያኔ አርበኞቹ ከሸለቆው አፍ ላይ ነበሩ። በቅሎዎቻችን በሌሊት እህልና ጥይት ያደርሱላቸው ነበር። የጣሊያን አይሮፕላን ሳይመጣ ጠጥተው ጫካ መግባት ነበረባቸው። ታዲያ ማን ይቅደም?»

«በቅሎዎቹ ይቅደሙ። ያኔ ብጠየቅ እኔም ይህንኑ እል ነበር» አለ ስመኝ። «አርበኞቹ ግን ወደ ደጋ ከወጡ ዓመት አለፋቸው። በቅሎዎ ከዚያ ወዲህ ምን ጭና ታውቃለች?»

ባላምባራስ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። «እኔን።»

«ሥራው ካበቃ ቆየ፤ ጥቅሙ ግን አላበቃም። መጀመሪያ ለበቅሎ የተሰጠ ነበር፤ አሁን የባለበቅሎው ሆኖ ቀረ።»

«ሕዝቡ ከተከፋ ለምን አልተናገረም? አፉን የያዘው አለ?»

«አለ፤ ሕጉ ራሱ። በሸንጎ የሚናገር ሰው ሁሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ዋስ ይጥራ ብላችኋል። ስለ ድንበርና ስለ ከብት ስርቆት ሲሆን ዋስ አይጠፋም። ስለ ንጋት ውኃ ሲሆን ግን ባልንጀሮቹን ለመክሰስ ማን ዋስ ይሆናል? ሕዝቡማ ያልተናገረው የለም። ሴቶቹ ከጉድጓዱ ዳር ተናግረዋል፤ ወንዶቹ በዘብ ላይ ሆነው ተናግረዋል። ተራው በዕጣ ይውጣ ያለ አለ፤ ለከብት ለብቻው ገንዳ ይሠራ ያለ አለ፤ ሁለተኛ ጉድጓድ ይቆፈር ያለም አለ። ሁሉም ዋስ አጥቶ ከጉድጓዱ ዳር ቀረ። አንዷ ግን ዋስ ልትለምን ብላ እርስዎ ቤት ድረስ መጥታ ነበር።»

ባላምባራስ ማን እንደሆነች አልጠየቁም። ካቻምና አሰበች የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ከደጃቸው ተቀምጣ፣ «አባዬ፣ ተራው ለሁሉ በዕጣ ቢሆን ምናለ?» ብላቸው ነበር። እርሳቸውም፣ «መልካም አስበሻል፤ ይታሰብበታል» ብለው መርቀው ሸኟት። ሐሳቧ እውነትም መልካም መስሎ ታይቷቸው ነበር። ነገር ግን በሸንጎ ለማንሣት የባልደረባቸውን የሽማግሌውን የግራዝማች ባፈናን ፌዝ ፈሩ፤ ዛሬ ነገ ሲሉም ክረምት ገባ። አምና በጋ ያ ልጅ በተቅማጥ ሞተ። ሰው ሁሉ የእግዜር ሥራ ነው አለ፤ እርሳቸውም አሉ። ዘንድሮ ታናሹ በዚያው በሽታ ሲያዝ ግን አሰበች ጓዟን ሸከፈች።

ብዙ ጥፋት የሚመጣው መልካሙን ሐሳብ ከሚጠላ ሰው ብቻ አይደለም። ወድዶና አመስግኖ ከደጁ ከሚያሰናብተው ሰውም ይመጣል።

«ሽማግሌ ክብሩን ካጣ መንደሩን ማን ያስተዳድረዋል?» አሉ ባላምባራስ ቀስ ብለው። «ዛሬ ውኃውን፣ ነገ ድንጋያችሁን ልቀቁ እንባላለን።»

«ክብርዎን ማን ነካብዎ? ሲመጡ እንነሣለን፤ ሲናገሩ ዝም እንላለን፤ ይህ ይኖራል። ውኃው ግን ውኃ ነው፤ ክብር አይደለም።»

«እንግዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው?»

«ቀን ይቆረጥ። ሸንጎውን በሚነካ ነገር ማንም ያለ ዋስ ይናገር። በገዛ ጥቅማችሁ ጉዳይ እናንተ ተከራካሪ እንጂ ፈራጅ አትሁኑ፤ ለዚያች ቀን ከድንጋያችሁ ወርዳችሁ ከሕዝቡ ጋር ቁሙ። የተቆረጠውም እስከ ክረምት መግቢያ ይሞከር፤ ክፉ ሆኖ ከተገኘ ወደ ቀድሞው እንመለሳለን። ይህን ሁሉ ለማንሣት ግን በአሮጌው ሕግ አንድ ዋስ ያስፈልገኛል።»

«አራት ዓመት ተምረህ ይህን ካመጣህ፣ አምስት ብትማር ኖሮ እኔን ከበቅሎዬ ታወርደኝ ነበር።»

«ወርደዋል እኮ፣ ባላምባራስ።»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። መቼ እንደወረዱ ሳያውቁት ከሮቃው ሥር ተቀምጠዋል፤ በቅሏቸውም ልጓሟን እየጎተተች ደረቅ ሣር ትነጫለች። ሁለቱም ሳቁ። ባላምባራስ ግን ስለ ዋስነቱ አንድም ቃል ሳይመልሱ ተነሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከራኩባው ሲደርሱ ሷሊህ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ ቁርበትም አነጠፈላቸው። አሰበች ልጁን ጭኗ ላይ አጋድማ በጣቷ ውኃ ታንጠባጥብለት ነበር። አባቷን ስታይ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አባዬ፣ ሊመልሱኝ መጡ?»

«ልመልስሽ መጣሁ። ከእንግዲህ የምትቀጂው ከእኔ ቤት ሴቶች ጋር ነው፤ ከንጋቱ ውኃ። ማንም አይናገርሽም።»

«ጎረቤቴ አገኘሽስ?» አለች አሰበች። «ነፍሰ ጡር እኮ ናት። እሷስ ከማን ቤት ትቅዳ?»

«እኔ የመጣሁት ለልጄ ነው።»

«ይህማ ያው ሕጉ ነው፤ አንድ ቤት ጨመረበት እንጂ ምን ተለወጠ? እኔ ጥሩውን ስጠጣ ጎረቤቶቼ እያዩኝ እንዴት አብሬያቸው እኖራለሁ? ካቻምናም ለራሴ ብቻ ብለምንዎ ኖሮ ይሰጡኝ ነበር። ለራሴ ብቻ አልለመንሁም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሕጉ ሲለወጥ በሷሊህ ይላኩብኝ» አለች።

ባላምባራስ የልጅ ልጃቸውን ግንባር ስመው ብቻቸውን ተመለሱ።

በእሑዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሸንጎው ተሰየመ። ስመኝ ተነሥቶ እጅ ነሣና፣ «በሕጋችሁ መሠረት ዋስ እጠራለሁ። ስለ ንጋት ውኃ ለመናገር ባላምባራስ አዛናውን እጠራለሁ» አለ። ቢጠራም እሺ ይሉኛል ብሎ አላመነም ነበር። ባላምባራስ ከድንጋያቸው ተነሡ።

«ዋሱ ነኝ።»

ግራዝማች ባፈና ሳቁን ለቀቀው። «አዛናው! በቅሎህ ጥሩ ውኃ ጠላች እንዴ?» ሽማግሌዎቹም ተከትለው ሳቁ።

«በቅሎዬስ አልጠላችም» አሉ ባላምባራስ። «እኔ ግን እሷ የጠጣችበትን ውኃ የጠጣ የልጅ ልጄን ቀብሬያለሁ። ካቻምና እናቱ መላውን ነግራኝ ነበር፤ ፌዝህን ፈርቼ ዋጥሁት። ዛሬ እንደ ልብህ አፊዝ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ባላምባራስ ከሸንጎው ስፍራ ወርደው ከሕዝቡ መካከል ቆሙ። አንዱ ሽማግሌ ተከተላቸው፤ ሌላውም ተከተለ። ግራዝማች ባፈና፣ «ለሙከራ ከሆነ ግድ የለም» እያለ፣ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ በመጨረሻ ተነሣ። በባዶዎቹ ድንጋዮች ፊት ሴቶቹ ሳይቀሩ ተናገሩ። የውኃው ተራ በየእሑዱ በዕጣ እንዲወጣ፣ የሽማግሌዎቹም ቤት ከሁሉ ጋር ዕጣ እንዲገባ፣ ሸንጎውን በሚነካ ነገር የዋስ ግዴታ እንዲቀር ተቆረጠ።

የተገኘው ጥቅም ስመኝም ካሰበው በላይ ነበር። ግራዝማች ባፈና ገና በመጀመሪያው ሳምንት የመጨረሻው ዕጣ ደረሰው። ድፍርሱን ጠጥቶ ሆዱን ሲታመም ሰነበተና፣ በሳምንቱ ሁለተኛ ጉድጓድ ይቆፈር ብሎ የጮኸው እርሱ ሆነ፤ ሕዝቡ ሲለምነው የኖረውን ነገር የራሱ ሐሳብ አስመስሎ ሲናገር ማንም አላረመውም። ለከብቱም ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ የእንጨት ገንዳ ተሠራ። ሁሉም አንድ ቀን ንጋት ሊደርሰው ስለሚችል ሁሉም ጉድጓዱን ይጠብቀው ጀመር። በሕፃናቱ ላይ ይበረታ የነበረው ተቅማጥ ቀነሰ። ያለ ዋስ መናገር የተፈቀደለት ሕዝብም አልተሳደበም፤ እንዲያውም ለዘብ ሲጠራ ማጉረምረሙን ተወ።

ባላምባራስ በሷሊህ አፍ ለልጃቸው ላኩባት። ነጋዴው ሲመለስ ከደጃቸው ቁጭ ብሎ መልሱን ነገራቸው።

«ልጁ ድኗል፤ አልሐምዱሊላህ። ባሏ ከገዳሪፍ ወዲህ የሰሊጥ እርሻ ተቀብሎ መመንጠር ጀምሯል፤ ስለዚህ አንመለስም ብላለች። በሕጉ መለወጥ ደስ ብሏታል። ካቻምና ሆኖ ቢሆን ኖሮ አንሄድም ነበር ብላለች።»

«የመጨረሻውን ድገምልኝ።»

ሷሊህ ደገመላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ለእንግዳው ውኃ እንዲመጣለት አዘዙ።

በቀጣዩ ሳምንት ዕጣው ለባላምባራስ ቤት የመጀመሪያውን ንጋት አመጣ። ቅላቸውን ይዘው ራሳቸው ወረዱ። ውኃው የጠራ ነበር። ከኋላቸው አገኘሽ ከገፋ እርግዝናዋ ጋር እንስራዋን አስቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ባላምባራስ አዩዋትና፣ «ነይ ልጄ፣ አንቺ ቅደሚ። ተራዬን ሰጥቼሻለሁ» አሏት።

አገኘሽ በአክብሮት ጎንበስ አለች፤ ከቦታዋ ግን አልተነቃነቀችም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ባላምባራስ። ዛሬ ከሰጡኝ ነገ ደግሞ ይስጡኝ እያልሁ ልለምንዎ ነው። ተራዎ ነው፤ ይቅዱ። የእኔም ይደርሳል።»

ካቻምና ከደጃቸው የተቀመጠችው ልጃቸው የለመነቻቸው ይህንኑ ተራ ነበር፤ ችሮታ አልነበረም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቅላቸውን ሞሉ፤ ውኃውን እንዳያደፈርሱትም ቀስ ብለው አወጡት።