በሚካኤል ማኅበር ላይ ስለተሰጠ አገርና ስለ አቶ ፈንታ እጅ መሰበር

የምስክር ስም፦ መምህር ዓምደ ሚካኤል ወዳጆ (ጡረተኛ)
ዕድሜ፦ 63
አድራሻ፦ መሐል ሜዳ ከተማ
ቀን፦ ኅዳር 15 ቀን 1998 ዓ.ም.

ኅዳር 12 ቀን ከቀትር በኋላ በወይዘሮ ተሾመች ቤት የሚካኤልን ማኅበር እየጠጣን ነበር። መምህር በኃይሉ እኔ በጡረታ በለቀቅሁት የእንግሊዝኛ መምህርነት ቦታ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ቀድሞ እኔን ይጠይቅ የነበረ ሰው ዛሬ የሚጠይቀው እሱን ነው። ይህ እንደሚያንገበግበኝ አልደብቅም።

በጨዋታ መካከል «ራን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ፍቺ አለው የሚል ጥያቄ ተነሣና በእንቆቅልሽ ደንብ ገጠምን፤ ፍቺ ያጣ አገር ይሰጣል። እኔ ሰው ሲሮጥ፣ ወንዝ ሲፈስ፣ የጨርቅ ቀለም ሲለቅ አልኩ። እሱ ሞተር ሲሠራ፣ ሰው ለምርጫ ሲወዳደር አለ። ቀጥሎም «መንገድ ከዚህ ደብረ ብርሃን ድረስ ሲዘልቅ» አለ። ስንት ዘመን ሳስተምር ይህን ፍቺ አንስቼው አላውቅም።

ወይዘሮ ተሾመች «ጋሼ፣ አገር ይስጡና ይገላገሉ!» ብላ ቤቱን አሳቀችው። ራቤልን ብሰጠው አልፈልግም አለ። ጓሳን ሰጠሁት። እሱም እንደ ወጉ «ጓሳ ገብቼ ሳሩን አጭጄ ቤቴን ከደንኩ፤ ለጋሼ ቃርሚያው ይቅርላቸው» አለ።

አቶ ፈንታ የጓሳ፣ ማለትም የአገሩ የወል ሣር ምድር፣ ጠባቂ ናቸው። ጓሳ ለአጨዳ ገና አልተከፈተም። «በዝግ ጊዜ ማጨድ በአፍም ነውር ነው፣ አንተ ወፍ ዘራሽ!» ብለው ሊይዙት ሲነሡ የተጎዘጎዘው ቄጠማ አንሸራተታቸውና በእጃቸው ላይ ወደቁ። ገፍትሮኛል በማለታቸው መምህር በኃይሉ ታስሯል። ከትናንት ጀምሮ ክፍሉን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ከተፈረደበት ቦታው የእኔ እንደሚሆን ተነግሮኛል።

«ሌሎቹ በሳቅ ላይ ስለነበርን አላየንም ሲሉ እርስዎ እንዴት አዩ?» ተብዬ ስጠየቅ፦ ከተቀመጥንበት ጊዜ አንሥቶ ዓይኔን ከመምህር በኃይሉ ላይ አልነቀልኩም። አንዲት ስሕተት እስኪሠራ ስጠብቅ ነበር። አልሠራም። አቶ ፈንታ ሲወድቁ ሁለቱም እጆቹ ጽዋውን ይዘው ነበር።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ሁለት የፊደል ግድፈት አሳርሜ፣ ያየሁት ይኸው ብቻ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ስንታየሁ ፊርማ ____________