የየኔታን መብራት ማን በላው

«ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የሚውል ሰው መብራት ሊበላ ይችላል?»

ጠያቂዋ ወንጌላዊት፣ ተጠያቂው ሕዝቅኤል ነበር። መልሱን ግን አላወቀውም። ዋርሶ ድረስ ሄዶ ቤት እንዴት እንደሚሞቅ፣ ሙቀቱም በየት በየት እንደሚያመልጥ ሲማር የኖረ ሰው ነው። ተመልሶ ባሕር ዳር ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ጥላ እየፈለገ በሚሄድበት ከተማ ስለ ቤት ማሞቅ የሚጠይቀው ጠፋ። የተማርሁት ለምን ነበር እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ሙግቱ ሲበዛበት ከቤት ወጥቶ ወደ ጣና ዳር ይወርዳል። በዚያ ቀንም እንደ ልማዱ ሲወርድ ነበር ወንጌላዊትን ከአንድ ደላላ ጋር ቆማ ድንገት ያገኛት።

ወንጌላዊት የአርባ ምንጭ ልጅ ናት። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሌሊት ትሠራለች፤ ቀን ትተኛለች። የምትኖረውም ሽምብጥ ሰፈር፣ በሕዝቅኤል አጎት በመሪጌታ ዳኘው ግቢ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። ሕዝቅኤል ራሱ የሚያድረው በዚያው ግቢ ነው፤ ልትለቅ መሆኗን ግን አልሰማም።

«ምን አጠፋሽ?» አላት።

«በድብቅ በኤሌክትሪክ ምድጃ ታበስያለሽ አሉኝ የኔታ። የመብራት ካርዱን የምጨርሰው እኔ ነኝ አሉ። ወሩ ሲያልቅ ልቀቂ ተብያለሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምድጃ የለኝም፣ ሕዝቄ። መጠርጠሬን ካወቅኩ ጀምሮ ስልኬን እንኳ ፋብሪካ ነው ቻርጅ የማደርገው። ልብሴን ጓደኛዬ ቤት ነው የምተኩሰው። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ከላይ የተጻፈውን ጥያቄ የጠየቀችው ያኔ ነው።

ደላላው ሰዓቱን አየ። «እህቴ፣ ቤቷን ሌላ ሰው ዓይኑን ጥሎባታል። ቀብድ ካልያዝሽ እኔ የለሁበትም።»

«እንዳትከፍይ» አለ ሕዝቅኤል። «እስክመለስ ጠብቂኝ። ላነጋግራቸው።»

በመንገዱ ላይ ግን ምን ብሎ እንደሚያነጋግራቸው አላወቀም። የግቢው ቆጣሪ አንድ ነው፤ ካርድ እየተሞላ የሚሠራ። ካርዱ ሲያልቅ ባለቤትም ተከራይም አብሮ ይጨልማል። ካርዱ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ጉም ይበን ጀምሯል።

መሪጌታ ዳኘው የማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ቅኔና ዜማ ሲያስተምሩ ስለኖሩ ሰፈሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ የእኅታቸው ልጅም እንዲሁ።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጣና ደህና ነው? ጠባቂው ሆነሃል ብዬ ነው።»

«ወንጌላዊትን አገኘኋት። ቤት እየፈለገች ነው።»

«ትፈልግ።»

«ምድጃ የላትም፣ የኔታ።»

«ገብተህ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ያላየኸው ነገር ሁሉ የለም? ዋርሶ ያስተማሩህ ይህንን ነው?»

«እርስዎስ ምድጃውን አይተውታል?»

የኔታ ጭራቸውን ወዘወዙ። «ምድጃውን አላየሁም፤ ካርዱን ግን አየሁ። እኔ ከነጋ ደብር ነኝ። አንተ ውኃ ዳር ነህ። ግቢ የሚውለው እሷ ብቻ ናት። ሰው ሳይበላው የሚያልቅ ነገር አለ?»

ሕዝቅኤል ክርክራቸውን ከንቱ ሊለው አልቻለም። በደንብ የተሰካካ ክርክር ነው፤ ከአንድ ነገር በቀር።

«ለእኅቷ ሠርግ አገሯ የሄደች ጊዜስ? ካርዱ አልቆብን በስልክ መብራት እራት የበላን እሷ አርባ ምንጭ እያለች አይደል?»

«ለኩሳው ሄዳ ይሆናል!»

«ያን ሁሉ ቀን የነደደ ምድጃ ቤቱን ባላስተረፈልዎት ነበር።»

የኔታ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ቆጣ አሉ። «እንግዲያ ንገረኛ፣ አንተ የተማርኸው! ማን ነው?»

«ፍሪጁ ይሆን?» አለ ሕዝቅኤል። ግምት መሆኑን ራሱ ያውቀዋል።

«ፍሪጁ ስንት ዓመቱ ነው! ካርዱ እንዲህ መሮጥ የጀመረው ከጥምቀት ወዲህ ነው።»

«ከጥምቀት ወዲህ ግቢ የገባ አዲስ ነገር ምንድን ነው?»

«አንተ ነሃ!»

«ከእኔ ሌላ?»

«እሷ ናታ። አንተን እንዳልጠረጥር የእኅቴ ልጅ ሆንህብኝ።»

«ቴሌቪዥኑስ? የጥምቀት ሰሞን አይደል የገዙት?»

«እሱማ ማታ ከጸሎት በኋላ ጥቂት ነው የማየው። ሌላውን ጊዜ ሁሉ ተሸፍኖ ነው የሚውል፤ አንተው ታየው የለም?»

በእርግጥም ያየዋል። ሳሎን በገባ ቁጥር ትልቁ ቴሌቪዥን ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ቆሞ ያገኘዋል። የተሸፈነ ቴሌቪዥን የጠፋ ቴሌቪዥን ነው ብሎ አልፎታል። አሁን ግን ተነሥቶ ገባና እጁን በዳንቴሉ ላይ አኖረ። ሕዝቅኤል ሌላ ባያውቅ ሙቀት ያውቃል። ዳንቴሉ ለብ ብሏል። ከሥሩ ያለችው ሪሲቨር ደግሞ አሁን ከምድጃ እንደ ወጣ ዳቦ ትሞቃለች። ዳንቴሉን ገለጥ ሲያደርገው፣ ካህናት ያለ ድምፅ ዕጣን እያጠኑ በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ ያልፋሉ።

«የኔታ! በርቷልኮ!»

«እና?» አሉ ከደጅ።

«ተሸፍኗል ብለውኝ!»

«ተሸፍኗል እኮ። ድምፁም ዝም ብሏል። ዐርፏል።»

ሕዝቅኤል ወጥቶ ከፊታቸው ቆመ። «ለምን አያጠፉትም?»

የኔታ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ነጠላቸውን አስተካከሉ። ምክንያታቸው ቀልድ አልነበረምና።

«መጀመሪያ በገዛሁት ማታ ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ፤ ቅዳሴ ላይ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዲያቆኑ ‹እትዉ በሰላም› ብሎ ሳያሰናብት ከቅዳሴ ወጥቼ አላውቅም። እስኪያሰናብት ልጠብቅ ብዬ ተቀመጥሁ። አሰናበተ ስል ማኅሌት ተከተለ። ማኅሌቱ አለቀ ስል ሌላ ቅዳሴ ከሌላ ደብር ተጀመረ። ጣቢያው ሌት ተቀን ነው፤ መካከል የለውም። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ፣ እንቅልፍ አለብኝ። ድምፁን ቀንሼ፣ በክብር ሸፍኜው ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው።»

ሕዝቅኤል ሊስቅ ነበር፤ ግን ዋርሶ ትዝ አለችውና ተወው። እዚያ ብርዱ በጸናበት ክረምት እሱም ቋንቋውን የማይሰማውን ቴሌቪዥን ለሰው ድምፅ ሲል ብቻ ከፍቶ ይተኛ ነበር። ሰው ይህን ሣጥን የማያጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉም ስንፍና አይደለም።

«እንግዲህ ካርዱን የበላው እሱ ነው፣ የኔታ።»

«አንድ ሣጥን ይህን ሁሉ አይበላም! ምድጃ ሌላ፣ ሣጥን ሌላ።»

«ምድጃ አብዝቶ ይበላል፤ ግን ወጡ ሲበስል ይጠፋል። ይህ በትንሽ በትንሹ እየበላ ከማዕድ የማይነሣ እንግዳ ነው። ሪሲቨሩ፣ ኃይል አመጣጣኙ ስታብላይዘርና ስፒከሩ ደግሞ አብረውት ተቀምጠዋል።»

«ይብሉስ! መብራቱ የሚመጣው ከውኃ አይደለም? ጢስ ዓባይ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው።»

«ፏፏቴውን በበጋ አይተውታል?»

«ለክርስትና ሄጄ አየሁት። ሳስቷል።»

«ውኃው አንድ ነው፣ የኔታ። መብራት ሊያመነጭ ተርባይን ውስጥ የገባው በገደሉ አይወርድም። የማንም ዓይን ላላረፈበት ቴሌቪዥን ሲሆን አያሳዝንም?»

«ዓባይን በዳንቴል ሸፍኜ ስደፋው ከረምሁ በለኛ!»

«እኔ አላልሁም። እርስዎ ነዎት ያሉት።»

«አልተቀበልሁህም። ወሬ ነው። አሳየኝ።»

ቆጣሪው በቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ካርዱ በሚበላበት ፍጥነት ልክ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ ነጥብ አለችው። ሕዝቅኤል የወንጌላዊትን ክፍል ማጥፊያ አወረደ፤ ፍሪጁን ለጊዜው ነቀለ፤ አምፖሎቹን አጠፋ። ከዚያ የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆጣሪው ፊት ቆሙ፤ እሱም ሳሎን ገባ።

«ምን ታደርጋለች?»

«ትጠቅሰኛለች! አሁንም ጠቀሰች! ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ናት!»

ሕዝቅኤል በሪሞቱ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። «አሁንስ?»

«ዘግየት አለች… አይ፣ ይኸው ጠቀሰች። አጠፋሁት አላልህም?»

«ቴሌቪዥኑ ተኛ እንጂ ሌሎቹ አልተኙም። እሱም ቢሆን አንድ ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚተኛ፤ ያች ቀይ መብራቱ።» ይህን ብሎ ሁሉንም ከሶኬቱ ነቀላቸው።

አንገቱን ወደ ደጅ አወጣ።

«የኔታ?»

«ቆመች» አሉ፤ በቀስታ።

ሲወጣ ግድግዳውን ተደግፈው አገኛቸው። ፊታቸው ጠቁሯል። «የልጅቱ ክፍል ጠፍቶ ሳለ ትሮጥ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«‹በሐሰት አትመስክር› እያልሁ ተማሪ የማስቀጽል ሰው በሰው ልጅ ላይ መሰከርሁ። ደላላ ይዛ በፀሐይ ትዞርልኛለች።» ከዚያም ጭንቀታቸውን አወጡት። «ግን ምን ላድርግ? ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሴ በመሃል ልቁረጥ?»

«ቅዳሴው ያለው በሚቀደስበት ደብር ነው። ይህ መስኮት ነው፤ መስኮት ቢዘጉ ካህናቱ አይቋረጡም። ደግሞ አይቆጡኝና፣ ጸሎት ላይ ጨርቅ ጥሎ መሄድ ከማጥፋት በምን ይሻላል?»

ይህች ነገር ወጋቻቸው። «ይህን ከዋርሶ አላመጣኸውም» አሉ።

«ከእርስዎ ነው የሰማሁት። ልጅ ሳለሁ ቅዳሴ ላይ ሳንቀላፋ በመቋሚያ ነካ እያደረጉ፣ የተኛ ሰው ቅዳሴ እንዳልመጣ ነው ይሉኝ ነበር።»

የኔታ ቀና አሉ። «ማሰናበቻ ከሌለው…» አሉ፤ ቀጥለውም «እኔስ ዲቁና ተሹሜ የለም እንዴ?»

ገብተው ሶኬቱን መልሰው ሰክተው ቴሌቪዥኑን ከፈቱ፤ አንዱ ጸሎት እስኪያበቃ ቆመው ጠበቁ። ሌላው ሳይጀምር በጥሩ ዜማ «እትዉ በሰላም» ብለው ራሳቸው ነቀሉት። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ስታብላይዘሩ ከጥምቀት ጀምሮ ሲያጉረመርም መክረሙን ሁለቱም ያወቁት ያኔ ነው።

ሕዝቅኤል ደውሎ ወንጌላዊትን ጠራት። በበሩ ስትገባ የኔታ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ልጅቱ ደነገጠች፤ ለእሷ ሽማግሌ ተነሥቶላት አያውቅም።

«ልጄ፣ ሌባው ሳሎኔ ውስጥ ነበር፤ እኔ ጓዳሽ ስፈልገው። በደልሁሽ። ይቅር በይኝ።»

«ኧረ የኔታ፣ ይቀመጡ! ይቅር ለእግዚአብሔር!» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳቀች። «ደላላውን ምን ልበለው? እስካሁን ስልኬን እያቃጠለው ነው።»

«እንዳትከፍይው! ስልክሽን ግን እዚሁ ቻርጅ አድርጊ። ልብስሽንም እዚሁ ተኩሺ። ሰምተሻል?»

በዚያ ቀን ወንጌላዊት ፈረቃዋ እስኪደርስ የተኛችውን እንቅልፍ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ተኝታው አታውቅም። ሕዝቅኤልም ወደ ጣና አልወረደም። ሙግቱ ባያልቅም፣ ለአንድ ቀን ዝም ብሎለታል።

በሚቀጥለው ወር ካርዱ ሳያልቅ ቆየ። የኔታ የቆጣሪውን ቁጥር ደጋግመው እያዩ ደስ ሲላቸው ሰነበቱ፤ አንድ ቀን ግን ከቆጣሪው ፊት ፈዘው ቀሩ።

«አስናቀ!» አሉ። «መምሬ አስናቀ፣ እንፍራንዝ ያለው ወዳጄ። ቴሌቪዥኑን አብረን ነው የገዛነው። እሱም እንደ እኔ ይሸፍነዋል። በዐቢይ ጾም ሲመጣ ‹መብራት የምትጨርስብኝን ተከራይ አስተማሪ ከነልጇ አስወጣኋት› ብሎ አጫውቶኝ ነበር። በል ጻፍ።»

ሕዝቅኤል ስልኩን አወጣ፤ የኔታ ቆመው እንዲህ አስጻፉት፦

«ለወንድሜ ለመምሬ አስናቀ፤ ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን። ዳንቴሉን ግለጥና እጅህን ሣጥኑ ላይ አኑር። ከሞቀ፣ መብራትህን የበላው እሱ ነው። አይተህ ስትጨርስ አሰናብተህ ከሶኬቱ ንቀለው፤ ሪሲቨሩንም፣ ስታብላይዘሩንም። ፍሪጁን ግን አትንካ፣ ወተቱ ይበላሻል። እኔ እንዲህ ካደረግሁ ወዲህ ካርዱ ይቆይልኛል። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ሣጥኑ ይቃጠልብኛል ብዬ አልሰጋም። ቤቴ ጸጥ ብሏል፤ የማየውን አይቼ፣ የምጸልየውን ነቅቼ እጸልያለሁ። ተከራዬም ከእኔ ጋር አለች፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እኔ ሳትወጣ ደረስሁላት። አንተ ግን ያችን አስተማሪ ፈልገህ አግኛት። ዳኘው።»

ሕዝቅኤል ላከው። ጥቂት ቆይቶ መነበቡን የምታሳየው ምልክት ወጣች።

«ምን አለ?» አሉ የኔታ።

«አንብበውታል።»

«ይጽፋል። ነገር ሲከብደው ይዘገያል እንጂ ይጽፋል።»

ሕዝቅኤል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ በመካከላቸው አኖረው። ሁለቱም እያዩት ተቀመጡ። ከእንፍራንዝ ግን ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲያም አንዲት ቃል አልመጣችም።