ድሬሰሩና አገልግላቸው

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከደብረ ታቦር ወደ ይፋግ በሚወርደው አውቶቡስ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ያሉትን ሽበታም ድሬሰር አወቀቻቸው።

«ረሱኝ? የጉናዋ የሳምባ በሽተኛ ነኝ።»

«ያቺ መርፌ ስወጋት የምትሰድበኝ?»

«እሷው ነኝ። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ሸፍነው ክኒኑን ከበር ሲወረውሩልኝ፣ አንቱ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ከአገልግልዎ ያጎርሱኝ ነበር።»

«ደጅ ነፋሱ በሽታውን ይበትነዋል። ምሳ ደግሞ ብቻዬን አይጣፍጠኝም።»

«አሁን ልጄ ታስላለች። ምች ነው ብዬ ቤት ደብቄያታለሁ።»

«አንቺ በመድኃኒት ድነሽ እሷን ትደብቂያለሽ?»

«እንዳይጠየፏት ፈርቼ ነው። አንቱም ከዚያ ሄዱብን።»

«ይፋግ ነው የተዛወርኩት። በገበያ ቀን አምጪያት፤ አገልግሌን ይዤ እጠብቃታለሁ።»

«እሷም ተሳዳቢ ናት።»

«እንግዲያስ ትድናለች።»

ሳምባ ሲባል ሰምቼ አፍንጫዬ ላይ የሳብኩትን ነጠላ ቀስ ብዬ ወደ ትከሻዬ መለስኩት።