ዋጋ በውስጥ መስመር

ደብረ ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ፤ የሕፃናት ሹራብ እየሠራች በቴሌግራም የምትሸጠው ወይዘሮ ደብሪቱ፣ በእህቷ ልጅ በስመኝ ሁለት እጆች ላይ የተዘረጋውን ክር እየጠቀለለች ነው።

ስመኝ፦ አክስቴ፣ እጄን ፍቺልኝ።

ደብሪቱ፦ ክሩ ሲያልቅ።

ስመኝ፦ ክሩ እስኪያልቅ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ይዘጋል።

ደብሪቱ፦ ይዘጋ። ነገ ይከፈት የለ? ቀጥ አድርጊ እጅሽን፤ እንደ ጠወለገ ጎመን አታዘቅዝቂው።

ስመኝ፦ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው ብለውናል። አዲሱ መመሪያ ነው፤ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሁሉ ስሙን፣ አድራሻውንና ዋጋውን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጥፋል። ያልለጠፈ ሰው የንግድ ፈቃዱ አይታደስለትም።

ደብሪቱ፦ ስሜን ጽፈሻል?

ስመኝ፦ ጽፌያለሁ።

ደብሪቱ፦ አድራሻዬንስ?

ስመኝ፦ እሱንም።

ደብሪቱ፦ ታዲያ መንግሥት ከሦስቱ ሁለቱን አግኝቶ ምን ጎደለው? እኔ ከባሌ ከሦስት አንድ አግኝቼ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ።

ስመኝ፦ ሆን ብለሽ ነው አይደል እጄን ያሰርሽው?

ደብሪቱ፦ ማን? እኔ?

ስመኝ፦ ሌላ ጊዜ ክሩን የወንበር ጀርባ ላይ አድርገሽ ነው የምትጠቀልይው።

ደብሪቱ፦ ወንበሩ ዛሬ ደክሞታል።

ስመኝ፦ አክስቴ፣ መመሪያው እኮ በአንቺ ላይ አልወጣም። ጎረቤታችን ወይዘሮ አልጋነሽ ጫማ አዝዘው ሁለት ግራ እግር አልተላከላቸውም? ሻጩን ሊጠይቁ ቢሉ ስም የለ፣ አድራሻ የለ፣ ቻናሉ ራሱ የለ።

ደብሪቱ፦ እኔ ሁለት ግራ እጅጌ ልኬ አውቃለሁ?

ስመኝ፦ አታውቂም።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው ያን ጫማ ሻጭ ፈልገው ይያዙት።

ስመኝ፦ ደግሞ ገዢው ካልተስማማው ዕቃውን መመለስ ይችላል ይላል።

ደብሪቱ፦ ሕፃኑ ወተት የተፋበትንም?

ስመኝ፦ ያልተለበሰውን ነው! ነገር አታዙሪብኝ። የቀረሽ አንድ ቁጥር ነው፤ ንገሪኝና ልጻፈው።

ደብሪቱ፦ የትኛውን ቁጥር? የባለ መኪናውን ነው ወይስ የባለ ሥዕሉን?

ስመኝ፦ ይኸው! ችግሩ ይኸው ነው።

ደብሪቱ፦ ችግር አይደለም፣ ፍርድ ነው። ሃያ ዓመት ገበያ ተቀምጬ ሹራብ ሸጫለሁ። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ ፊቱን አያለሁ። ላለው እጨምራለሁ፣ ለሌለው እቀንሳለሁ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል።

ስመኝ፦ ገበያ ላይስ ሰው ታያለሽ። ቴሌግራም ላይ ምን ታያለሽ?

ደብሪቱ፦ ፎቶውን ነዋ! “ዋጋ በውስጥ መስመር” የምለው ለምን ይመስልሻል? ሲጽፉልኝ ያቺን ትንሿን ክብ ነካ አደርግና ሰውየውን ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። መኪና ተደግፎ ከቆመ፣ የባለ መኪና ዋጋ። የገብርኤልን ሥዕል ካደረገ፣ እግዜርን የሚፈራ ነው፣ ይቀነስለታል። ጽጌረዳ የለጠፈች ደግሞ…

ስመኝ፦ እሷ ምን አጠፋች?

ደብሪቱ፦ ፊቷን ደበቀቻ! ይጨመርባታል።

ስመኝ፦ ጭራሽ ፎቶ የሌለውስ?

ደብሪቱ፦ ምስኪን። የሚነሣው ፎቶ እንኳ አጥቷል። ለእሱ ዝቅተኛውን ነው የምለው፤ “ለማንም እንዳትናገር፣ ለአንተ ብዬ ነው” እለዋለሁ።

ስመኝ፦ የከተማውን ዕቃ ቤት ለቤት የማደርሰው እኔ ነኝ አይደል?

ደብሪቱ፦ እግርሽ ይባረክ።

ስመኝ፦ ስለዚህ የሁሉም በር ላይ ቆሜያለሁ። ያ ባለ መኪናሽ ጎማ ቤት ነው የሚሠራው። መኪናዋ ጎማ ልታስለጥፍ የመጣች የሰው መኪና ናት።

ደብሪቱ፦ እንዴ! ተደግፏት የለም?

ስመኝ፦ እሷን የደገፋት ክሪክ ነው። ታች በኩል ይታያል፤ እስከዚያ አላሰፋሽውም እንጂ።

ደብሪቱ፦ በሰው መኪና ምን አስደገፈው? ኩራት ነው። ኩራትም ይከፈልበታል።

ስመኝ፦ ፎቶ ያጣው ምስኪንሽ ቤት ደግሞ በሩን የከፈተልኝ ዘበኛው ነው።

ደብሪቱ፦ ዘበኛ አለው?

ስመኝ፦ ሁለት። አንዱ ፌስታሉን ተቀበለኝ፣ አንዱ ውሻውን ያዘልኝ።

ደብሪቱ፦ ጉድ ፈላ! ሰው ዘበኛ ቀጥሮ ፎቶ ያጣል?

ስመኝ፦ የባለ ገብርኤሉንም ልንገርሽ?

ደብሪቱ፦ ተይ፣ ገብርኤልን አትንኪብኝ።

ስመኝ፦ መልአኩን አልነካሁም። ሰውየው ግን ከእኛ በቅናሽ የወሰደውን ሹራብ ሁሉ ቡቲኩ ውስጥ ሰቅሎ በእጥፍ እየሸጠው ነው።

ደብሪቱ፦ በእጥፍ! የእኔን ሹራብ?

ስመኝ፦ መስታወት ውስጥ፣ መብራት አብርቶበት። ዋጋውንም ለጥፎበታል። እሱ ደንብ አክባሪ ነው።

ደብሪቱ፦ ሳቅሽን ዋጪው፣ ክሩ ይወላገዳል።

ስመኝ፦ እሺ። ምን ልጻፍ?

ደብሪቱ፦ ሦስት ሰው ሳትሽ ብለሽ ሁሉንም አታስጥይኝ። ጥሩወርቅን ሳትኳት?

ስመኝ፦ የሸኖዋን? ባለ መንታዋን?

ደብሪቱ፦ አዎ። እሷን በፎቶ ብቻ አይደለም የማውቃት። ድምፅዋን ቀድታ ስትልክልኝ ከኋላዋ የጠጠር መፍጫው ይጮኻል፤ እዚያ ነው የምትውለው። ልጆቿን ሁለቱንም በአንድ ፎጣ ጠቅልላ ፎቶ አንሥታቸዋለች። ሁለት ሹራብ፣ አንዱን በስድስት መቶ ብር ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። አሁን በመመሪያሽ ለሁሉም አንድ ዋጋ ከሆነ ስንት ልትይኝ ነው?

ስመኝ፦ የስድስት መቶውንና የባለ መኪናውን ስምንት መቶ መሐል እንያዝ። ሰባት መቶ።

ደብሪቱ፦ በቃ፣ ጥሩወርቅ አትገዛም።

ስመኝ፦ እንግዲያው ለሁሉም ስድስት መቶ ይሁን።

ደብሪቱ፦ በዚህ የክር ዋጋ? ለሁሉም ስድስት መቶ ካልኩ የሚተርፈኝ የጀርባ ሕመም ብቻ ነው። ያለው ሲጨምር ነው የሌለው የሚለብሰው።

ስመኝ፦ ለእሷ በነፃ ስጫት። ስጦታ አትስጡ የሚል መመሪያ የለም።

ደብሪቱ፦ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ካልሲ ስታዝዘኝ ሁለት ኮፍያ ጨምሬ ላክሁላት። በማግስቱ የኮፍያውን ዋጋ በባንክ ላከችና ድምፅዋን አጠፋች። ልጄ፣ ሰው የሚገዛው እኮ እንዳይለምን ነው።

ስመኝ፦ እሱን አላሰብኩትም።

ደብሪቱ፦ አላሰብሽማ። እስከ ዛሬ ስቀንስላት እንደቀነስኩላት አታውቅም። ዋጋው ይኸው ነው ብላ ቀና ብላ ትከፍላለች። ሰባት መቶ ብለሽ ለጥፈሽ ለእሷ በስድስት መቶ ስትሰጫት ግን ታዝኚላት እንደነበር ይገባታል። ያን ቀን ጥሩወርቅን አጣኋት።

ስመኝ፦ ለዚህ ነዋ እጄን ያሰርሽው።

ደብሪቱ፦ ለዚህ ነው። ግራሽን ከፍ።

ስመኝ፦ ስልክሽ ጮኸ።

ደብሪቱ፦ ይጩህ።

ስመኝ፦ ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢሆንስ?

ደብሪቱ፦ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል። መነጽሬን የት ጣልኩት? በይ እንኪ፣ አንቺ አንብቢልኝ፤ ወደ ፊትሽ ላቅርብልሽ።

ስመኝ፦ ትንሽ አርቂው፤ በአፍንጫዬ አይደለም የማነበው። ባለ ክሩ ነው፣ ኢያሱ።

ደብሪቱ፦ የመርካቶው ኢያሱ! እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ። “እመቤቴ” ሳይል ዋጋ ነግሮኝ አያውቅም። ክር ባዘዝኩ ቁጥር “ለማንም እንዳይነግሩብኝ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው” ይለኛል። ምን አለ?

ስመኝ፦ ለአንቺ አይደለም የጻፈው። ቻናሉ ላይ ነው የለጠፈው።

ደብሪቱ፦ ምን ብሎ?

ስመኝ፦ “በመመሪያው መሠረት ከዛሬ ጀምሮ ዋጋችንን ለሁሉም በግልጽ እናሳውቃለን።” ከሥሩ… አክስቴ፣ ነጩን ክር ኪሎውን በስንት ነበር የሚሸጥልሽ?

ደብሪቱ፦ በአንድ ሺህ ሦስት መቶ። የቤተሰብ ዋጋ ነው።

ስመኝ፦ አንድ ሺህ ይላል።

ደብሪቱ፦ ደግመሽ አንብቢው።

ስመኝ፦ አንድ ሺህ። ነጩም፣ ሰማያዊውም።

ደብሪቱ፦ ዛሬ ቀንሶ ነዋ! ጨዋ ልጅ ነው አላልኩሽም?

ስመኝ፦ ከሥር አንዷ ጽፋበታለች። “ይህ እኮ ዓመቱን ሙሉ የገዛሁበት ዋጋ ነው፣ ምኑ አዲስ ሆነና ነው?” ትላለች።

ደብሪቱ፦ ማናት እሷ?

ስመኝ፦ ፎቶ የላትም።

ደብሪቱ፦ አይ እንግዲህ።

ስመኝ፦ አክስቴ? ክሩን ለቀቅሽው እኮ።

ደብሪቱ፦ የኔ ፎቶ ምንድን ነበር?

ስመኝ፦ በወንድምሽ ልጅ ሠርግ የተነሣሽው። ሆቴሉ ደረጃ ላይ፣ በባለ ጥልፉ ቀሚስ።

ደብሪቱ፦ በእናትሽ የአንገት ወርቅ።

ስመኝ፦ በእናቴ የአንገት ወርቅ።

ደብሪቱ፦ ትንሿን ክብ ነካ አደረገና አየኝ በይኛ!

ስመኝ፦ ሰፋ አድርጎ። “እመቤቴ” የመጣችው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ደብሪቱ፦ በውሰት ወርቅ! በውሰት ወርቅ አስከፈለኝ! ዓይኔን ፍዝዝ አድርጌ በመርፌ ያገኘኋትን ብር! በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ!

ስመኝ፦ ኩራትም ይከፈልበታል ብለሽኝ ነበር።

ደብሪቱ፦ ዝም በይ አንቺ!

ስመኝ፦ ዝም ብያለሁ።

ደብሪቱ፦ ያ ጎማ ቤት የሚሠራው ልጅ፣ ሹራቡን ስትሰጪው ምን አለሽ?

ስመኝ፦ እጁ ቅባት ነበር። ፌስታሉ እንዳይቆሽሽ በክርኑ አቀፈውና “ውድ ነው፤ ግን የመጀመሪያ ልጄ ናት” አለኝ።

ደብሪቱ፦ ውይ።

ስመኝ፦ አልተማረረም። ብቻ እንዲሁ አለ።

ደብሪቱ፦ ቢማረር ይሻለኝ ነበር። ከአንድ ኪሎ ክር ስንት ሹራብ ይወጣልኛል?

ስመኝ፦ ስድስት።

ደብሪቱ፦ ኢያሱ የበላብኝን ሦስት መቶ ለስድስት አካፍይልኝ።

ስመኝ፦ በየሹራቡ ሃምሳ ብር ይቀልልሻል።

ደብሪቱ፦ ሃምሳ ብር! ሃምሳ ብር ከቀለለልኝማ ጀርባዬንም እምብዛም አያመኝም።

ስመኝ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ደብሪቱ፦ ጻፊ ማለቴ ነው።

ስመኝ፦ በየትኛው እጄ?

ደብሪቱ፦ ቆይ፣ ጥቂት ነው የቀረው… ይህቺን ጫፍ ወደ ውስጥ ላስገባት… አለቀ። በይ ጥቅሉን ቅርጫቱ ውስጥ ጣይው። ጻፊ፤ “የሕፃን ሹራብ፣ ለማንኛውም ሰው፣ ስድስት መቶ ብር።”

ስመኝ፦ ለባለ ዘበኛውም?

ደብሪቱ፦ ለባለ ዘበኛውም። ጥሩወርቅ ከእሱ እኩል ትግዛ።

ስመኝ፦ ለባለ ገብርኤሉስ?

ደብሪቱ፦ ለእሱም። ሰዉ የኔን ዋጋ በየስልኩ እያየ ማን በእጥፍ ይገዛዋል? መብራቱን አጥፍቶ ራሱ ይልበሰው።

ስመኝ፦ ለጎማ ቤቱ ልጅስ?

ደብሪቱ፦ ከዋጋው በላይ ያስከፈልኩትን ነገ ቆጥረሽ መልሺለት። ዋጋው ተስተካከለ በይው፤ ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ።

ስመኝ፦ እሺ። “ዋጋ በውስጥ መስመር” የሚለውን ላጥፋው?

ደብሪቱ፦ አጥፊው።

ስመኝ፦ ጠፋ። አዲሱም ተለጠፈ። ቆይ… ጥሩወርቅ ጽፋለች፤ “ሁለት ያዙልኝ፣ አንዱ ሰማያዊ ይሁን” ትላለች።

ደብሪቱ፦ ተመስገን! አየሽ፣ ቀለም መምረጥ ጀመረች።

ስመኝ፦ ስልኩን ከማስቀመጤ በፊት ያንን የሠርግ ፎቶሽን ላውርደው? ሌላ ነጋዴ አይቶ እንዳይጨምርብሽ።

ደብሪቱ፦ ምን ቆርጦት! ዋጋ ለሁሉም አንድ ከሆነማ ማማር በነፃ ሆነ ማለት ነው። እንዲያውም ከሠርጉ ፎቶዎች የእጄ አምባርም የሚታይበትን ለጥፊልኝና ስልኩን አስቀምጪው።