ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡት ደጋፊ

አቶ ቢረሳው ተክሉ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ተክሉ አዳሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ እሙሽ ፈለቀ፣ በ1954 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ከጦር ካምፑ አጥር ሥር ተወለዱ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ አጠናቀው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በቦሬና በሻኪሶ የሰውነት ማጎልመሻ ካስተማሩ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ከተማቸው ተዛውረው ጡረታ እስከወጡ ድረስ አገልግለዋል። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኮከብ ፀጋአብ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመዋል፤ ወይዘሮ ኮከብ ራሳቸው እንደሚሉት ግን ባለቤታቸው አስቀድመው ያገቡት ኳስን ነው።

ወደ ነገሌ በተመለሱበት ዘመን ሠራዊቱ ተበትኖ፣ የወታደሩ ልጅ ሥራ ፈትቶ፣ ሰውና ሰው በጎሪጥ ይተያይ ነበርና፣ አቶ ቢረሳው የካምፑን፣ የቦረናውን፣ የጉጂውንና የነጋዴውን ልጅ በአንድ ማልያ አሰልፈው «የዳዋ ጮራ» የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ልጆቹ ከቤታቸው በልተው፣ በአይሱዙ ላይ ተጭነው ክብረ መንግሥት ድረስ እየሄዱ ብዙ ጊዜ ተሸንፈው ይመለሱ ነበር። እርሳቸውም፣ ሲሸነፍ የሚሰደበው የራሳችን ልጅ ነው እያሉ አምርረው ይሰድቧቸው፣ ወዲያው ሻይ ይጋብዟቸው ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ቡድኑ በአዲስ ኮሚቴ እጅ ወደቀ። ኮሚቴው ከመምህሩ ደመወዝ እየቆረጠ፣ ከነጋዴው መዋጮ እየሰበሰበ፣ ቧንቧው ደርቆ ሕዝቡ ጄሪካን ይዞ በሚንከራተትበት ከተማ የፊርማ ገንዘብ እየከፈለ ከሩቅ ተጫዋች አስመጣ። እነ አብዱባ፣ የዚያን ሜዳ አቧራ እየቃሙ ያደጉት ልጆች፣ ለእንግዶቹ ኳስ አቀባይ ሆነው ቀሩ። ይባስ ብሎ ተጫዋቾቹ ከጨዋታ በፊት አበረታች መርፌ ይወጉ ጀመር፤ ይህንንም ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ቡድኑ አሸንፎ ዋንጫው የመጣ ዕለት ግን ያ ሁሉ አዋቂ ሆ ብሎ ጨፈረ። አቶ ቢረሳው ብቻ በደጋፊዎች ስብሰባ ተነሥተው፣ ዋንጫው ይመለስ፣ የልጆቹም ጤና ይመርመር ቢሉ፣ ምቀኛ ተብለው ከማኅበሩ ተሰረዙ።

ከዚያ ወዲህ እንደማንኛውም ሰው ቲኬት ቆርጠው ይገቡና፣ ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ዘጠናውን ደቂቃ ይቀመጡ ነበር። ጋሼ ቢረሳው፣ ኳሱ በዚህ በኩል ነው እየተባለ ሲቀለድባቸው፣ ኳሱ ከዚህ ከተማ ከሄደ ቆየ ይሉ ነበር። ዞር ሳይሉም ከሩቅ ከመጡት አንዱን፣ ጎል አግቢውን ወንዶሰንን ቅጥረኛ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ሳይቀር ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ ተባብሎ ሳይጠያየቅ በማይተላለፍ ሕዝብ መካከል፣ ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ሰላምታ እንደነፈጉ አርፈዋል።

ወንዶሰን በመጣ በሦስተኛው ዓመት ኩላሊቱ ታሞ ፊቱ ሲያብጥ፣ በትከሻው ተሸክሞት ይጨፍር የነበረው ኮሚቴ ከሆቴሉ አስወጥቶ መናኸሪያ ጣለው። አቶ ቢረሳው ይህን ሲሰሙ ሄደው፣ እያጉረመረሙና እየተሳደቡ ሻንጣውን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቤታቸው አመጡት። ወይዘሮ ኮከብ ያ ሁሉ ስድብዎ የት ደረሰ ብለው ቢጠይቋቸው፣ የወጋውና የተወጋው አንድ አይደለም ብለው መለሱ። ሐዋሳ ድረስ አመላልሰው አሳከሙት፤ ኮሚቴው ግን አንድ ቀን እንኳ እንዴት አደረ ብሎ አልጠየቀም።

አቶ ቢረሳው ላለፉት አራት ዓመታት በደም ግፊት ሲታመሙ ቆይተዋል። ሐኪም ንዴት ይቀንሱ ቢላቸውም፣ ይህች ከተማ የሚቀንሱበትን ምክንያት አልሰጠቻቸውም። ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ኮሚቴው ትናንት ለቤተሰቡ ሽማግሌ ልኮ፣ የመርፌው ነገር ከዚህ ጽሑፍ እንዲወጣ ጠይቋል። ቤተሰቡም ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ፣ በክብር ሸኝቷቸዋል።

አቶ ቢረሳው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኮከብን እና ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰለሞንን፣ ረሆቦትንና ወንዶሰንን ትተው ሄደዋል። ሦስተኛው ልጅ ከየት መጣ የሚል ቢኖር፣ ኮሚቴው ከጣለበት መናኸሪያ ነው። እግዚአብሔር አምላክ የመምህራችንን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እርሳቸው ሲጮኹ ለጨፈርነውም ልቡና ይስጠን። አሜን።