ያልደረሰው የማክሰኞ ደብዳቤ

እሺ፣ ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁትስ? ቂርቆስ እጁን አነሳ፤ ጥበቃችን ቂርቆስ ከሰማ ሁላችሁም ሰምታችኋል ማለት ነው።

እትዬ ጋዲሴ፣ አቶ ሐዱሽ፣ ባልደረቦቼ፤ ለዚህ የመሸኛ ንግግር የተመረጥኩት አንደበተ ርቱዕ ሆኜ አይደለም። ከእትዬ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። መስኮት ሳይከፈት አሥራ አንድ ዓመት! የቦሌ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ እያላበው፣ እትዬ "ዝጋው ልጄ፣ ንፋሱ ይመታሃል" ይሉኛል። እስካሁን የመታኝ ንፋስ የለም። ከነገ ጀምሮ መስኮቱን እንደ ልቤ መክፈት እችላለሁ። ትናንት ይህን አስቤ ደስ አላለኝም።

ከመጡበት ቀን ልጀምር። ድረ ገጻችን ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ከገበያ የጠፋ መድኃኒት በየትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ ለሰው እንናገራለን ብለን ተነስተናል፤ ስለ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ግን አንድም የለንም። እትዬ በመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርተው፣ እኛ ዘንድ ተቀጥረው፣ የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። ቂርቆስ በር ላይ ምን አላቸው? "እማማ፣ እዚህ መድኃኒት አንሸጥም፤ የት እንዳለ ብቻ ነው የምንናገረው።" አርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር እኮ! እማማ! ገብተው እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን የፋርማሲዎች ዝርዝር በእስክሪብቶ ማረም ጀመሩ። አለቃችን አቶ ሐዱሽ ከቢሯቸው ብቅ ሲሉ ከሃያ አራቱ ዘጠኙ ተሰርዘዋል። "ይሄ ከተዘጋ ስድስት ወሩ ነው። ይሄ ቡቲክ ሆኗል። የዚህኛውን ባለቤት የቀበርነው ኅዳር ላይ ነው" አሉ። ጠረጴዛ እንኳ ሳይሰጣቸው ሥራ ጀመሩ።

ሰኞ ሰኞን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩን ይይዛሉ፤ እስከ አሥር ሰዓት የሚቀማቸው የለም። ከቦሌ ይጀምራሉ፣ በገርጂ አድርገው በሰሚት በኩል የካ አባዶ ይደርሳሉ፤ ከወንበራቸው ሳይነሱ። የፋርማሲው ልጅ "አዎ እትዬ፣ አለ" ሲላቸው አያምኑትም።

"አፍህ ላይ ነው ያለው መደርደሪያው ላይ?"

"ኧረ መደርደሪያው ላይ ነው።"

"እስቲ ሂድና እጅህን አሳርፍበት። እጠብቃለሁ።"

ይጠብቃሉ ደግሞ! ልጁ ሄዶ፣ ካርቶኑን ነክቶ፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አንብቦ እስኪመለስ ስልኩን አይዘጉም። ባልደረባችን ሉላ ይህን ስታስመስል ያልሳቀ ማን አለ? ባለፈው ደመወዝ ገብቷል ሲባል እንኳ "እጅህን አሳርፈህበታል?" ያለችው እሷ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት ደብዳቤያቸው በኢሜይል ይወጣል። "እንደምን ሰነበታችሁ፤ ቤተሰብ ደህና ነው?" ብሎ ነበር የሚጀምረው። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ "እትዬ፣ ሰው ወደ ቁም ነገሩ እንዲገባ ሰላምታውን እናሳጥር" እላለሁ። "መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ቤት ሳትጠይቀው ትገባለህ?" ይሉኛል። ዘጠኝ ሺህ ሰው ነበር የሚጠብቃቸው። ዘጠኝ ሺውም ራሱ ጽፎ ወይም ደውሎ የተመዘገበ ነው። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ "ያልጠሩን ቤት አንገባም።"

ሰው ከዝርዝሩ ሲወጣ ደግሞ ይደውላሉ። "ምነው፣ ተቀየማችሁን?" አንዳንዱ "ኧረ ተሽሎኝ ነው" ይላል፤ ያን ቀን ምሳ ዕቃቸው ለሁላችንም ይበቃል። አንዳንዱ "አባቴ አረፈ፤ ስለነበረው ሁሉ አመሰግናለሁ" ይላል። ያን ጊዜ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ስልክ ላይ ሆነው፣ ማንም ሳያያቸው፣ ቆመው ነው የሚያጽናኑት። እኔ ግን አያቸው ነበር።

እስካሁን የሳቃችሁ ሳቃችሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ብትስቁበት እኔ ነኝ የማፍረው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደብዳቤ ከቀረ ዓመት አልፎታል። እትዬ ስልክ ተቀባይ ሆነው ነው የከረሙት። ጡረታቸው ሲደርስ በኮንትራት ይቀጥላሉ ተብሎ ነበር፤ ደብዳቤው ስለተዘጋ ኮንትራቱም ቀረ። ለምን ተዘጋ ቢባል፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው መልስ "እትዬ የመድኃኒት ስም ስለሚያበዙ የኢሜይል ድርጅቶች አገዱን" የሚል ነው። ይህ በሪፖርት የተጻፈ ነው። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።

እትዬ፣ እባክዎ እጅዎን አያወናጭፉብኝ። ልጨርስ።

ዐምና ጥቅምት አቶ ሐዱሽ "የተመዝጋቢውን ቁጥር ሃያ ሺህ አድርሱልኝ" አሉ። እኔ ዘንድ አንድ ዝርዝር ነበረኝ። የጤና ባዛር ላይ ሰዎች ዕጣ ይደርሰናል ብለው ኢሜይላቸውን የጻፉበት መዝገብ ነው፤ አሥራ አንድ ሺህ ሰው። እትዬን ጠየቅኳቸው፤ "ያልጠሩን ቤት አንገባም" አሉኝ። እሺ አልኩና እሳቸው ለምሳ ሲወጡ አስገባሁት። አንድ ቁልፍ ነው የተጫንኩት። አቶ ሐዱሽ ቁጥሩን አይተው "ጎበዝ!" አሉኝ። ከየት አመጣኸው ብለው አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ያ ሁሉ ዕጣ ጠባቂ በማክሰኞ ማለዳ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ዝርዝር ሲደርሰው ምን ያድርግ? "ስፓም" የምትለዋን ተጫነ። ማለትም ይህ ሰው ሳልጠራው ቤቴ ገባ ብሎ ከሰሰን። የኢሜይል ድርጅቶቹ ደግሞ ክሱን ይቆጥራሉ። ከሺህ ሦስት አራት ሰው ከከሰሰ ይበቃቸዋል፤ እኛን የከሰሰን በመቶ የሚቆጠር ነው። መጀመሪያ ደብዳቤያችንን ወደ ስፓም ሳጥን ይወረውሩት ጀመር፤ ማንም ከፍቶ ወደማያየው። በሦስተኛው ሳምንት ጭራሽ በር ላይ ይመልሱት ጀመር። ከአዲሶቹ ጋር የድሮዎቹም ዘጠኝ ሺህ ሰዎች ደብዳቤው ቀረባቸው። ማን ጠራን፣ ማን አልጠራን ብለው አይለዩም።

እርግጥ የመድኃኒት ስም ስለሚበዛበት የበለጠ ተጠራጥረውን ይሆናል። ግን ያ ስም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነበረበት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደግሞ ደርሷል።

ያን ሰሞን እትዬ ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። የሰዎች መልስ እየደረሳቸው ነበር፤ "መቼ ተመዘገብኩ? አድራሻዬን ማን ሰጣችሁ?" የሚል። "ተስፉ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?" አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? "ሲስተሙ ነው እትዬ።" በዚህ አገር ሲስተም ያልተሸከመው ኃጢአት የለም፤ የእኔንም ጫንኩበት። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው ለያንዳንዱ ሰው የይቅርታ መልስ ጻፉ።

ደብዳቤው መመለስ ሲጀምር "እስቲ የነዚህን ሰዎች ስልክ ስጠኝ፣ እኔ ላናግራቸው" አሉኝ።

"እትዬ፣ ስልክ የላቸውም።"

"ስልክ የሌለው ፖስታ ቤት ደግሞ ምን ዓይነት ነው?"

እውነታቸውን ነበር። ቅጽ ሞላሁ፤ ማሽን መለሰልኝ። ደግሜ ሞላሁ፤ ያው ማሽን ያንኑ መለሰልኝ። ሰው ከሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይልካል። እዚህ ግን ሽማግሌ የሚያንኳኳው በር እንኳ የለም። ከዚያ ስብሰባ ተጠራ፣ ሪፖርቴ ተነበበ፣ ሁሉም ሰው ወደ እትዬ ዞረ። እሳቸው እኔን አንዴ አዩኝና "እሺ" አሉ። እኔም ማስታወሻ የምይዝ መስዬ አቀረቀርኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን የቢሮ ክፋት ነው፤ በቢሮ ያልቃል። ጥር ላይ አንድ ሰው መጣ። አቶ ቶሌራ ይባላል፤ የሚኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጁ ደሪቱ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። መድኃኒቷ ሲጠፋ የሚያገኘው በማክሰኞው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ወደ ስፓም መወርወር በጀመረበት ሰሞን ማክሰኞ ጠበቀ፣ ደብዳቤ የለም። ሁለተኛ ማክሰኞ ጠበቀ። "እነሱ እንደ ባለሥልጣን ቤት አይደብቁም፣ ቢያገኙ ይጽፉ ነበር፤ አገር ውስጥ የለም ማለት ነው" ብሎ ተወ። ልጅቷ ያለ መድኃኒት ዘጠኝ ቀን ሰነበተች። በዘጠነኛው ቀን ደረጃ ላይ ጣላት። ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ሁለተኛ ወረደች፤ ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰበረ። መድኃኒቱ ሰሚት፣ ከቤታቸው የሃያ ደቂቃ ታክሲ ያህል ቦታ ላይ ነበር። እትዬ አግኝተውት፣ የፋርማሲውን ልጅ እጅህን አሳርፍበት ብለውት፣ ጽፈውት ነበር።

አቶ ቶሌራ ያንን ደብዳቤ ስልኩ ላይ ስፓም ሳጥን ውስጥ በኋላ አገኘውና አትሞ ይዞ መጣ። ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋው። አልጮኸም። "ጽፋችሁ ነበር አይደል? ታዲያ ማነው የደበቀብኝ?" አለ። እኔ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር። እትዬ ተነስተው ክንዱን ያዙት፣ "ጥፋቱ የኛ ነው ወንድሜ፣ ና" ብለው እስከ ታክሲው ሸኙት። መንገድ ላይ ምን እንዳሉት አላውቅም ነበር። እስከ ትናንት።

ትናንት ቤቱ ሄድኩ። ለዚህ ንግግር ቀልድ ስሰበስብ ሳምንት ሙሉ ቀልድ ሆኖ የሚዘልቅ አንድም አጣሁ፤ ሁሉም መጨረሻው ደሪቱ የወደቀችበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። በሩን የከፈተው ራሱ ነው። "ደብዳቤው እንዳይደርስህ ያደረግኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አንተ ነህ እንዴ?" አለኝ። "ሴትዮዋ ያን ቀን ማነው ብላቸው ስም አልጠሩልኝም። 'ራሱ መጥቶ ይነግርሃል፤ ሲመጣ በር ላይ አታቁመው' አሉኝ። ሁለት ፋሲካ አለፈ እኮ። እኔማ ሰውየው ሞቷል ብዬ ነበር።"

አስገባኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም ልጠይቀው አልደፈርኩም። ደሪቱ ሻይ ይዛ መጣች። ትምህርት አቁማለች፤ ብቻዋን ከቤት አትወጣም። ቀኝ ክንዷ በደንብ ስለማይዘረጋ ብርጭቆውን የሰጠችኝ በግራ እጇ ነው። "ይቅርታ፣ በግራ ስለሰጠሁህ" አለችኝ።

እሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችኝ።

እትዬ፣ እርስዎ ሁሉንም ያውቁ ነበር። ከዚያች ከ"ሲስተሙ ነው" ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሥራዎ ሲነጠቅ፣ በእርስዎ ላይ ሲፈረድ፣ አንድ ጊዜ ጣትዎን ቢቀስሩ ይበቃ ነበር። ከአጠገቤ ተቀምጠው፣ መስኮቱን እየዘጉ፣ ሃያ ወር ጠበቁኝ። እኔ ደግሞ በየቀኑ "ነገ" እያልኩ፣ ጡረታዎ እስኪደርስ ድረስ አቆየሁዎት። አመሰግናለሁ ማለት ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ለምስጋናው የከፈሉት እርስዎ ነዎት። ግን አመሰግናለሁ።

አቶ ሐዱሽ፣ እውነተኛውን ሪፖርት ፈርሜ ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጫለሁ። የሚወስኑብኝን እቀበላለሁ። እንዲህ ማለቴ ደብዳቤውን አይመልሰውም፤ በር የዘጉብን ድርጅቶች ዛሬም አልከፈቱልንም። የደሪቱንም ክንድ አይመልስም።

አሁን ብርጭቆ አንሱ፤ ቢራም ይሁን ለስላሳ፣ ያላችሁን። መመረቅ የታላቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ማንንም የምመርቅበት አፍ የለኝም። ስለዚህ እንደ ታናሽ ልመኝልዎት፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ ልጆችዎ ይባረኩልዎት፣ ሰሚት ያለው ቤትዎ ጠያቂ አይጣ፣ የሚያስፈልግዎ መድኃኒት ደግሞ ከበርዎ አጠገብ ይገኝ።

ለአቶ ቶሌራ ያልጠሩለትን ስም፣ በዚያ ስብሰባም ያልጠሩትን ስም፣ እዚህ ሁሉም ባለበት እኔው ልጥራው። ተስፉ ነው።

ለእትዬ ጋዲሴ፤ ለጤናዎ!